ኦርኪዷን ማን ገደላት?

ጠጋ በሉ። ድምፄን ዝቅ የማደርገው ለማሳመር አይደለም፤ የምነግራችሁ ነገር ደንበኞቼ ጆሮ ከደረሰ እንጀራዬን ይነካብኛል። አበባ ሻጭ ነኝ። ሠርግ ሲኖር መድረክ አስጌጣለሁ፤ ሠርግ ሲጠፋ በየሰው ቤት እየዞርኩ የታመመ አበባ አያለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሳሎኑን ብቻ ሳይሆን ጓዳውንም ያያል።

ወልድያ ላይ ነጭ ኦርኪድ የቆመችበት ሳሎን ከገባችሁ የቤቱን እመቤት አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ "እንዴት ብትይዣት ነው እንዲህ ያማረችው?" መልሱን አሁኑኑ ልንገራችሁ። "ኧረ ምንም አላደርግላት፣ ዝም ብላ ታብባለች።" እኔ እዚያ ካለሁ ቡናዬን ፉት እላለሁ እንጂ ትንፍሽ አልልም። ምክንያቱም ያቺ ምንም የማይደረግላት አበባ ወይ አርቲፊሻል ናት፣ ወይ ባለፈው ሳምንት በሌላ ተተክታለች፣ ወይ ደግሞ ሞታለች፤ ወሬው ገና አልደረሳትም እንጂ።

ሦስቱንም አወጣላችኋለሁ። ከማን ሰማችሁ ብትባሉ ግን አታውቁኝም።

ከቀላሉ እንጀምር። በሠርግ መድረክ ላይ ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚዘናፈለው ኦርኪድ በአብዛኛው አርቲፊሻል ነው። ፎቶ ላይ ማን ይለየዋል? ዲኮር የሚሠሩ ልጆች ከሠርግ ወደ ሠርግ ይዘውት ይዞራሉ፤ ከአንዳንዱ ሙሽራ ትዳር ይልቅ ዕድሜ ያለው አለ። እውነተኛዋን ለመለየት አበባዋን አትመልከቱ፤ አበባ ይዋሻል። ሥሯን ፈልጉ። ከፖቷ አፍ ወጥቶ የተንጠለጠለ፣ ብርማ መልክ ያለው ሥር አላት። ሁለት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ ይሆናል። ፕላስቲክ ይህን አይችልም። እስካሁን።

ሰማያዊዋስ? እሷማ ሕያው ውሸት ናት። ነጭ ኦርኪድ ወስደው በአበባ ዘንጓ በኩል ሰማያዊ ቀለም ያስገቡባታል፤ መርፌ ወጓት በሉት። አበባው ሰማያዊ ሆኖ ይፈነዳል፣ ገዢም በደስታ ይዟት ይሄዳል። በሚቀጥለው ስታብብ ነጭ! "ቀለሟ ለቀቀ" ብላ የመጣችብኝ ሴት ነበረች፤ ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ ነው አፍኜ የመለስኩት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምሥጢር። ይህኛው የእኔም ስለሆነ ትንሽ ጠጋ በሉልኝ።

በየሱቁ የምትሸጠው ኦርኪድ ፋላኖፕሲስ ትባላለች። ዘሯ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃት ደን ነው፤ አድጋ የምትመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ከኔዘርላንድ ግሪንሃውስ ነው። ጉዱን ተመልከቱ፦ አገራችን ከዝዋይ፣ ከሆለታና ከቢሾፍቱ ጽጌረዳ እየቆረጠች ወደዚያው አገር ትልካለች፤ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትልቋ አበባ ላኪ ናት። ኦርኪዷ ደግሞ ጽጌረዳው በሄደበት መንገድ ወደ እኛ ትመጣለች።

ታዲያ እነዚያ ሰዎች እንዴት ነው በፈለጉት ቀን የሚያሳብቧት? ጸሎት የለበትም። ችግኟን 28 ዲግሪ አካባቢ ያሞቋታል። በዚህ ሙቀት ቅጠል እንጂ አበባ አታስብም። ሰውነቷ ሲጠነክር ወደ 19 ወይም 20 ዲግሪ ያወርዱባትና ለሳምንታት እንዲሁ ይይዟታል። ያኔ ብርድ ብርድ ሲላት የአበባ ዘንግ ታወጣለች። ያ ሁሉ መስታወት፣ ያ ሁሉ ኮምፒውተር፣ ያ ሁሉ የመብራት ሂሳብ አንድ ነገር ለመሥራት ነው፦ የወልድያን የጥቅምት ሌሊት።

አያችሁ? እኛ በነፃ አለን።

ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ናት። ወደ ደሴ አቅጣጫ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ መርሳ ስትገቡ 1,600 አካባቢ ናችሁ። መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ማንጎና ብርቱካን የሚያበቅል ሙቀት አለው፤ ወልድያ ደግሞ ማታ ጋቢ ታስመዝዛለች። ስለዚህ መርሳ ቅጠል ታሳድጋለች፣ ወልድያ ዘንግ ታስወጣለች። እኔና አንዲት የመርሳ ባልደረባዬ ይህን ካወቅን ቆይተናል። ፖቶቻችን በፈረቃ ነው የሚሠሩት። አበባዋን የጨረሰች ወደ መርሳ ወርዳ ማንጎ ጥላ ሥር ታርፋለች፤ ቅጠል የጨመረች በጥቅምት ወደ ወልድያ ትወጣለች። ብቻ በረንዳ ላይ እንዳታድር፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ትጨነቃለች፣ ማታ ማታ ወደ ቤት ትግባ።

እንግዲህ "ዓመቱን ሙሉ የምታብብ ኦርኪድ አለችኝ" የሚሉትን ሴቶች አስቧቸው። አንድ ዘንግ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛዋም ማረፍ አለባት። አበባው መርገፍ ሲጀምር ስልክ ይደወልልኛል። ባጃጅ በጓሮ በር ይቆማል። ያበበችው ትገባለች፣ የደከመችው ትወጣለች። ማሰሮዋ ያችው ናት። እንግዳው ከሁለት ወር በኋላ መጥቶ "አሁንም አለች?" ይላል። እመቤቲቱም "ኧረ ምንም አላደርግላት" ትላለች። እንዲህ ነው የሚሠራው።

በመርሳና በወልድያ መካከል፣ በመንገዳችን ላይ ስሪንቃ አለ፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉ። ፖቶቼን ታቅፌ በዚያ ሳልፍ ወርጄ ስለ ኦርኪድ ልጠይቃቸው ይቃጣኛል። ሰዎቹ ግን ሌት ተቀን ማሽላ ነው የሚያስጨንቃቸው። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ማሽላ ለሚያስብ ሰው የሳሎን አበባ ማንሣት ነውር መስሎ ይታየኛል። አልፋለሁ።

ወደ ግድያው እንምጣ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ደግነት ነው። በወሎ ቤት እንግዳ ሳይበላ ሳይጠጣ አይሸኝም፤ "በሞቴ" ሳይባል አይታለፍም። ኦርኪድም እንግዳ ናትና ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ። እሷ ግን ዛፍ ላይ የምትኖር ፍጥረት ናት፤ ሥሯ ከውሃ ይበልጥ አየር ይፈልጋል። በዚያ ላይ ያቺን የምታምር ማሰሮዋን ገልብጣችሁ ታችዋን እዩ። ቀዳዳ የላትም! ውሃው ታች ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሳል፤ ቅጠሉ ግን ለሳምንታት ወዙን አይለቅም። ሞታ ወሬው አልደረሳትም ያልኳችሁ እንዲህ ያለችውን ነው። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ባልየው ከማሳ የተረፈ ዩሪያ ቆንጠር አድርጎ "ትጠንክር" ይላል። አትጠነክርም፤ ትቃጠላለች።

መላው ቀላል ነው። በሳምንት አንዴ የውስጧን ፕላስቲክ ፖት አውጥታችሁ ውሃ ውስጥ ነከር፣ ከዚያ ጥርግ ብሎ እስኪንጠፈጠፍ ጠብቁ፣ መልሱ። የክረምት የጣራ ውሃ ካጠራቀማችሁማ ከቧንቧው ይሻላታል። አፈር አታሳዩአት። የዛፍ ቅርፊትና ጉማጅ ከሰል ይበቃታል። አዎ፣ ከሰል፤ ያው የጀበናው። ያልተቀጣጠለው ማለቴ ነው። የተቀጣጠለው ሌላ ጣጣ አለበት።

ይህም ወደ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ይወስደናል። እንዳትቆጡኝ። ቡና ነው።

ጥፋቱ የፍሬው አይደለም፣ የጭሱ ነው። መስኮቱ በተዘጋ ሳሎን ከሰሉ ይጨሳል፣ እጣኑ ይጤሳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በማግሥቱ እነዚያ ሊፈነዱ የደረሱ እንቡጦች ቢጫ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ተራግፈዋል። ሴትየዋ ጎረቤቷን በጎን እያየች "ዓይን በላት" ትላለች። ጎረቤቷ ንጹሕ ናት። ገዳዩ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ነው። ዓይን አያየውም። በደንብ ያልነደደ ነገር ሁሉ በጭሱ ያወጣዋል፤ የሚበስል ፍሬም ራሱ ይተነፍሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ ተማሪ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ፣ ቤተ ሙከራው ያሉት የአተር ቡቃያዎች እየተጣመሙ ሲያስቸግሩት ጥፋተኛው በመብራቱ ጋዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን መሆኑን ደረሰበት። የእኛ ሙዝ ነጋዴዎች ስሙን ሳይጠሩት ሲሠሩበት ኖረዋል፦ አረንጓዴውን ሙዝ ዝግ ክፍል ይከቱትና የላምባ ጭስ ይለቁበታል፤ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ሙዙን የሚያበስለው ጭስ ኦርኪዷን ያስረጃታል።

እስቲ አሁን የሷን ጉዞ አስቡት። ከአዲስ አበባ ተነሥታ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በካርቶን ተጠቅልላ መጥታለች። የደብረ ብርሃንን ብርድ፣ የደሴን መንገድ አልፋለች። መርሳ ላይ መኪናው ይቆምና ተሳፋሪው በሙሉ በመስኮት ማንጎ ይገዛል። ቤት ሲደርሱ ኦርኪዷም ማንጎውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲያዩት ያምራል፣ ፎቶም ይነሣል። ማንጎው እዚያው እየበሰለ ቀናት ይከርማል። የቀረውን እናንተው ጨርሱት። የመርሳን ማንጎ የማይወድ የለም፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ወጥ ቤት ነው የማስቀምጠው። የቡና ቀን ደግሞ ኦርኪዷ መስኮቱ ክፍት ወደሆነ መኝታ ቤት ትሄዳለች። ደንበኞቼ ይህን ስነግራቸው "አበባዋ ቡና አትወድም?" ብለው ይታዘቧታል።

እስካሁን ስለ ሳሎኗ እመቤት ነው ያወራነው። ግቢውን ግን ማን ይሸከመዋል?

ዴይሊሊ። አታውቋትም ካላችሁ ቅጠሏ ሣር የሚመስል፣ ከመካከሉ ረጅም ዘንግ የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ አበባ የሚፈነዳ ነው። እያንዳንዱ አበባ ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ አልቆለታል። አንድ ቀን፣ በቃ። በቅርጿ አትሸወዱ፤ ከእውነተኞቹ ሊሊዎች ጋር ዝምድናዋ የሩቅ ነው። የቅርብ ዘመዷን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፦ እሬት። አዎ፣ ልጅ ጡት ለማስጣል የሚቀባው። የዕፅዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ምደባ ሁለቱን አንድ ቤተሰብ ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። ጥንካሬዋ ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ እንግዲህ።

"አበባዋ አንድ ቀን ብቻ ከኖረ ግቢው እንዴት ሁልጊዜ ያማረ ይመስላል?" ትሉኝ ይሆናል። ይሄ ነው የጓሮው ምሥጢር። ጎህ ሲቀድ አንድ ሰው ተነሥቶ የትናንቱን የጠወለገ አበባ እየለቀመ ይጥላል። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት፣ ፀሐይ ከመውጣቷም በፊት። አንድ ዘንግ ብዙ እንቡጥ ይይዛል፤ በየተራው ስለሚፈነዳ የዛሬው ብቻ ሲቀር ትናንት የሚባል ነገር ያልነበረ ይመስላል። ይህን ሥራ በአብዛኛው የምትሠራው የቤቱ ሴት አያት ናት፤ ምስጋናውን የምትቀበለው ምራቷ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ "ሥሯን ላምጣላችሁ?" ሲል አንድ ነገር ጠይቁት። እዚያ አገር አዳቃዮቹ አብደዋል፤ ከ80,000 በላይ ዓይነት ተመዝግቧል። ከነዚህ ውስጥ በክረምታቸው ቅጠሏን አራግፋ የምትተኛ አለች። እሷ በረዶ ትናፍቃለች፤ እዚህ ዓመት ከዓመት እየመነመነች ትሄዳለች። ቅጠሏ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነውን ያምጣ፤ ከነዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቷ ታዲያ።

ድመት ያለው ሰው ደግሞ ይስማኝ። ድመት ኦርኪድ ብታኝክ ምንም አትሆንም። ዴይሊሊ ብታኝክ ግን ኩላሊቷ ነው የሚሄደው። የሚገርመው ቻይናዎች እንቡጧን አድርቀው ሾርባ ውስጥ ይጨምሩታል። በእኛ በኩል ደፍሮ የቀመሰ አላየሁም፤ ሁዳዴ ሲረዝም ግን እንጃ።

አሁን ግን ነጋዴዎች የማንነግራችሁን ልንገራችሁ። ጠጋ። የድሮዋ ብርቱካንማ ዴይሊሊ፣ ዓለምን ያዳረሰችው፣ ዘር አትሰጥም። መካን ናት። ክሮሞዞሟ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ፍሬ አይዝላትም። ከእስያ ተነሥታ አውሮፓና አሜሪካ የደረሰችው በሰው እጅ፣ ሥሯ እየተገመሰ፣ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው አጥር እየተሰጠች ነው። አንድ ጉጥ ከተከላችሁ በጥቂት ዓመት ለሰፈር ትበቃለች። በዚያ ላይ ወሎ በልግም ክረምትም ስላለው ለመገመስ ሁለት ዕድል አላችሁ፤ ዝናቡ ሊገባ ሲል ቆፍሮ ማካፈል ነው። ታዲያ ከጎረቤት በዶማ የምትገኝን ነገር ማን በብር ይገዛኛል? ለዚህ ነው ስለ ኦርኪድ የምንለፈልፈው፣ ስለ ዴይሊሊ ግን ዝም የምንለው። ኦርኪድ ትሞታለች፤ የሞተባት ተመልሳ ትመጣለች። ዴይሊሊ አትሞትም። የማይሞት ነገር ሱቅ አያኖርም።

"ኦርኪድ የፈረንጅ ናት" የሚለኝ ሰውም አለ። እስቃለሁ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያን ኦርኪዶች መጽሐፍ አውጥተዋል፤ ከ160 በላይ ዝርያ አለን። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ እኚሁ ሰው ከኢንገር ኑርዳል ጋር የእሬቶቻችንንና የሊሊዎቻችንን አወጡ። ከኛዎቹ ኦርኪዶች መካከል በደጋ ደን ዛፍ ላይ ተቀምጣ ነጭ አበባ የምታወጣ አለች፤ ቀን ቀን ጭምት ናት፣ ሲመሽ ሽታዋን ትለቃለች፤ የምትጠራው የሌሊት የእሳት ራትን ነው። ሰው ሲያያት "ተቀጽላ" ይላታል። ስሟን አጠፉ! ተቀጽላ የዛፉን ደም ይመጥጣል፤ ይቺ ግን ዛፉ ላይ ትቀመጣለች እንጂ ከዛፉ ምንም አትወስድም። ኪራይ የማትከፍል ጨዋ ተከራይ ናት።

አልፎ አልፎ ከደን ነቅለው በጆንያ ይዘውልኝ ይመጣሉ። አልገዛም። ጻድቅ ስለሆንኩ አይደለም፤ ስለማትጸድቅ ነው። በዘር ላራባት ብልም አይሆንልኝም፤ አንዷ ፍሬ እስከ ሚሊዮን የሚደርስ፣ ብናኝ የሚያህል ዘር ትይዛለች፤ ዘሩ ውስጡ ስንቅ ስለሌለው የሚመግበው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ሉዊስ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1922 በስኳር ምግብ ላይ ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል እስኪያሳይ ድረስ አትክልተኞቹ በአብዛኛው ዕድላቸውን ነበር የሚሞክሩት። ከቅርንጫፏ የተላቀቀችው የዱር ኦርኪድ ሳሎን ውስጥ ቀስ ብላ ታልቃለች። ደግሞም ድንበር ካሻገራችኋት የዱር ዕፅዋት ንግድን የሚገዛው የሳይተስ ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ጣጣ ነው።

እሺ፣ አንድ ቀረችኝ። "ሞታለች፣ ባክሽ ጣይልኝ" የሚሉኝን ኦርኪዶች የት የምጥላቸው ይመስላችኋል?

መርሳ።

አበባዋ ረግፎ ቅጠሏ የተጨማደደች ኦርኪድ ሁልጊዜ ሬሳ አይደለችም። ሥሯን በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ሙክክ ያለውንና የቡናማውን በንጹሕ መቀስ ቁረጡ፤ ቁስሉ ላይ ብቻ የቀረፋ ዱቄት ነስነስ አድርጉ፤ አዲስ ቅርፊትና ከሰል፤ ጥላ፤ ትዕግሥት። ሁለት ጠንካራ ሥር ከቀራት ትነሣለች። የሱቄ ምርጥ ፖቶች ሰው የጣላቸው ናቸው፤ አልገዛኋቸውም፣ ኪራያቸውም የማንጎ ጥላ ነው።

ከነሱ አንዷን ለዚያችው ለጣለቻት ሴት መልሼ ሸጬላታለሁ። ሳሎኗ አቁማት፣ ዞራ አየቻትና "ይቺ ከበፊቷ ታምራለች" አለችኝ። እኔም ተስማማሁ። በአንድ ዓመት አድጋለቻ!